ካርዴ ውስጥ ታጥፎ የቀረው ወረቀት

መጀመሪያ የከዳኝ ክንዴ ነው።

ጁባ፣ ሙኑኪ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበረችኝ። በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የሙሽራ ሚዜዎችን ፀጉር ስሠራ ውዬ አራተኛዋ ላይ ስደርስ ሁለቱም እጆቼ ከልጅቷ ራስ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። አልደነዘዙም፤ አላመሙኝምም። ብቻ ተነሱ ስላቸው አልነሳ አሉ። አብራኝ የምትሠራው አቾል ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና «ሂጂ፣ ትንሽ አረፍ በይ፤ ምሳም አልበላሽ» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ እጄ ተመለሰልኝ። ፀጉሩን ጨረስኩና ነገሩን ረሳሁት።

ስለ አቾል ትንሽ ልንገራችሁ፤ እሷ ባትኖር ይህን የምጽፍበት ዕድሜ አላገኝም ነበር። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፣ ዲንቃ። ያደገችው ግን አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል፤ ወደ ጁባ ዓረብኛ የምትሻገረው ስትናደድ ብቻ ነው። አገሯ ነፃነቷን ስታገኝ ከወላጆቿ ጋር ተመለሰች። እኔ ደግሞ ባለቤቴ ደረጀ በመንገድ ሥራ ፎርማን ሆኖ ጁባ ሲቀጠር ተከትዬው መጣሁ። የተገናኘነው እኔ ፀጉር ቤቱን ስከፍት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ እህትማማች ነን።

ከክንዴ ቀጥሎ ዓይኔ መጣ። ከሰዓት በኋላ የግራ ዓይኔ ቆብ ይወርድና አልከፈት ይላል። አንዷ መርፌ ሁለት ሆና ትታየኛለች። ሥጋ ሳኝክ መንጋጋዬ ስለሚደክም አገጬን በእጄ ደግፌ መብላት ጀመርኩ። ብዙ ካወራሁ ድምፄ በአፍንጫዬ ይወጣል፤ ከዚያ ቃላቱ ይንሸራተታሉ። የሚገርመው ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። ማታ የሞትኩት ሴትዮ ጠዋት ስነሳ ሮጬ ገበያ ስለምወርድ ሕመሜን ራሴም አላምነውም ነበር።

ሰው ግን አይቶ ዝም አይልም። «የሺ መጠጥ ጀመረች» ተባለ። አንዷ ደንበኛዬ ፊት ለፊት «እኅቴ፣ በዚህ ሙቀት በቀን ባትጠጪ ምናለ?» አለችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት የወጣው የሰካራም ድምፅ ነበር። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሐኪም ቤት መዞር ያዝን። የመጀመሪያው ክሊኒክ ወባ ነው አለ፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ታይፎይድ ነው ብሎ ሲፕሮ የሚባለውን ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን የውሃ ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። ተመልሼ ስነግራቸው መጠኑን ከፍ አደረጉት። ያ ክኒን እንደኔ ላለ ሰው የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ሌላው የደም ማነስ ነው ብሎ የቫይታሚን መርፌ ወጋኝ። ለዓይኔ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ መነጽር ተገዛልኝ፤ ሁለቱን መርፌ አጉልቶ ከማሳየት በቀር አልጠቀመኝም። የመጨረሻው ሐኪም ካርዴን አገላብጦ «ስንት ልጅ አለሽ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «ጭንቀት ነው። ስትወልጂ ይተውሻል» አለ። ደረጀና እኔ ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነበር። ከዚያ ክፍል ወጥቼ በረንዳው ላይ ካለው ፕላስቲክ ወንበር አንዱ ላይ ተቀመጥኩና የሚቀጥለው በሽተኛ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አለቀስኩ። ደረጀ ምን እንዳለኝ አልጠየቀኝም፤ በሩ ስስ ስለነበር ሰምቷል።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ጎረቤቶቻችንን ጨምረን አንድ ክፍል ውስጥ ወለል ላይ ተኝተን ቀናት አሳለፍን። ሰው ሁሉ ጥይት ሲፈራ እኔ የምፈራው ውሃ ነበር፤ ልውጠው ስል በአፍንጫዬ ይመለሳል። ደረጀ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገ፣ በየማንኪያው መሃል እስክውጥ እየጠበቀ አጠጣኝ። ማንኪያው አንድም ቀን አልተደፋበትም። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለ እሱ የምነግራችሁን ስታነቡ ያንን ማንኪያ አብራችሁ እንድታስቡልኝ ነው።

አውሮፕላን መብረር ሲጀምር አዲስ አበባ ገባን። ብዙ ቀጠሮ ጠብቀን አንድ ሽማግሌ የነርቭ ሐኪም ፊት ቀረብኩ። ወደ ጣሪያው ተመልከቺ፣ ዓይንሽን አትስበሪ አሉኝ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የግራው ዓይኔ ቆብ ተከደነ። ነርሷን በረዶ አስመጥተው በእጅ ጓንት ውስጥ ከተቱና ዓይኔ ላይ ያዙት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይተው ሲያነሱት ዓይኔ ተከፈተ። ለወራት አንዴ ከወረደ አልነሳ ሲል የከረመ ዓይን! ደረጀ «በስመ አብ» ብሎ ተቀመጠ።

«ጡንቻሽ ምንም አልሆነም» አሉኝ። «ከነርቭሽ የሚላከው ትእዛዝ ነው ጡንቻሽ ጋ የማይደርሰው። ትንሽ ስትሠሪ ያልቃል፤ ስታርፊ ይመለሳል።» ስሙን ጻፉልኝ፤ ማያስቴኒያ ግራቪስ። በየአራት ሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን አዘዙልኝ። በሳምንቱ አገጬን ሳልደግፍ ጥብስ በላሁ።

ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፈው ሰጡኝ። ታሪኬ፣ ምርመራዬ፣ የምወስደው መድኃኒት፣ በመጨረሻም ሊሰጡኝ የማይገባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር። «ይህ በሽታ እንክብካቤ ካገኘ አይገድልሽም» አሉ። «ሊገድልሽ የሚችለው በሽታውን የማያውቅ ሰው በደግነት የሚሰጥሽ መርፌ ነው። ጁባ ወባ አለ አይደል? ኩዊኒን እንዳይነካሽ። እስትንፋስሽን ሊያቆመው ይችላል።» አንድ ነገርም አስተማሩኝ። በረጅሙ አየር ስቤ፣ ሳልተነፍስ፣ አንድ፣ ሁለት እያልኩ መቁጠር። ከሃያ በላይ ከደረስኩ ደህና ነኝ። አሥር ሳልደርስ አየር ካጠረኝ የመተንፈሻ ጡንቻዬ እየደከመ ነው፤ ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል መድረስ አለብኝ።

በ2017 መጀመሪያ ወደ ጁባ ተመለስን። ሰው ሁሉ «አበዳችሁ?» ብሎን ነበር፤ ሥራችን ግን እዚያ ነው። አቾል ፀጉር ቤቱን ጠብቃ ቆይታለች። መቁጠሩን አስተማርኳት፤ ጠዋት ስንገናኝ «እስቲ ቁጠሪ» ትለኛለች፤ ሰላምታችን ሆነ። ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ እደርሳለሁ። ሹሩባ መሥራቱን ለእሷ ትቼ እኔ ማጠብና ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ማስቀመጥ ያዝኩ።

እንዲህ እያለ አረገዝኩ።

አዲስ አበባ ደውዬ ለሐኪሜ ነገርኳቸው። ክኒንሽን ቀጥይ፣ ከስድስተኛው ወር በኋላ እዚህ መጥተሽ ትወልጃለሽ አሉኝ። ደረጀ ለማንም እንዳንናገር አስማለኝና በማግሥቱ ራሱ ለአቾል ነገራት።

ሦስት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ፣ በዝናቡ ወቅት፣ ትኩሳት ጀመረኝ። ደረጀ ከከተማው ራቅ ብሎ ሥራ ላይ ነበር። ጠዋት አቾል ቁልፍ ልትወስድ ስትመጣ ብርድ ልብስ ደርቤ ስንቀጠቀጥ አገኘችኝ። የዋጥኩትን ክኒን ሁሉ አስታውኬዋለሁ። በራክሻ፣ በባለሦስት እግሯ ባጃጅ ማለት ነው፣ ጭቃውን እየሰነጠቅን ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ።

አግዳሚው ሞልቶ ነበር። እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰውዬ አይቶኝ ተነሳና በአንድ እግሩ እያነከሰ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስሙን እንኳ አላወቅሁትም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ካርድ ለምታወጣው ነርስ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ካርዱ ውስጥ ከተተችው። እኔ እንዳደረስኩ ቆጠርኩት። ማድረስና ማስነበብ ለየቅል መሆናቸውን አላወቅሁም።

ደሜ ተመረመረ፤ ውጤቱ ወባ፣ ያውም ብዙ። ተረኛው ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ዓይኑ ከድካም ቀልቷል። እርጉዝ መሆኔን ሲሰማ አብራው ከምትሠራ ነርስ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረና «ኩዊኒን በግሉኮስ» ብሎ ጻፈ።

«አይሆንም» አልኩ። አልኩ ማለት፣ ልል ሞከርኩ። ትኩሳቱ ሕመሜን ቀስቅሶት ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ጀምሮ ነበር።

«ምን ትላለች?» አለ አቾልን። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትናገረው?»

«ኩዊኒን አይሰጣትም እያለች ነው። የነርቭ ሕመም አለባት። ወረቀቷ ካርዱ ውስጥ አለ፣ አንብበው።»

ካርዱን ከፈተ። ወረቀቱን ዘረጋና የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አየ፤ የትውልድ ዘመኔ፣ የምርመራ ታሪኬ። ዝርዝሩ ከገጹ ግርጌ ነበር። እዚያ ሳይደርስ ከበሩ በኩል ሰው ጠራው፤ አጥፎ መለሰው።

ሲመለስ «ይህ ከአዲስ አበባ ነው» አለ። «ወባውን የማየው ግን እኔ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለእርጉዝ የሚሰጠው ኩዊኒን ነው። እንዲህ ነው የተማርነው።»

«ሌላ የለም? አርቴሱኔት የሚሉት መርፌስ?» አለች አቾል።

«ማፊ» አለ። የለም ማለት ነው። «ቢኖርም በዚህ ወር ለፅንሱ ጥሩ አይደለም።»

አቾል ጮኸች፤ ዓረብኛዋ ስለፈጠነብኝ ሁሉንም አልያዝኩትም። ጤና መኮንኑ አልጮኸም። ዛሬም የሚያሳዝነኝ ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። «ካልታከመች እሷም ልጁም ይሞታሉ። በሽተኛዋ እምቢ ካለች ባሏ ይምጣና ይወስን» አለ።

ደረጀ ተደውሎለት የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቡትስ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር። ጤና መኮንኑ በእንግሊዝኛ አስረዳው፤ «ሁለቱም» የሚለውን ቃል ደጋግሞ አነሳ። ደረጀ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። እጁን ይዤ መዳፉ ላይ በጣቴ «እምቢ» ብዬ ጻፍኩ።

«የሺዬ» አለኝ። «ሐኪም ነው እኮ። ልጁ… ሰባት ዓመት ጠብቀን…»

ራሴን ነቀነቅሁ። እምቢታዬን አይቶ ዓይኑን ከእኔ አነሳና ፈረመ።

አቾል ግድግዳው ላይ ተደገፈች። «ደረጀ፣ ምን አደረግክ?» ብቻ አለችው።

ግሉኮሱ ተሰቀለ። ሲወርድ እያየሁ ጠብታውን መቁጠር ጀመርኩ፤ ብዙም ሳይቆይ ጠብታው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ከዚያ አንገቴ ራሴን መሸከም አቃተው። ምራቄ ጉሮሮዬ ላይ ተከማቸ፤ ልውጠውም ልተፋውም አልቻልኩም። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። የሚፈራ ሰው ይጮኻል፣ ይወራጫል። እኔ ግን ከውጭ ስታይ ጸጥ ብላ የተኛች ሴት ነበርኩ። ጤና መኮንኑ በአጠገቤ ሲያልፍ «ጥሩ፣ ተረጋጋች» አለ።

አቾል ግን ፊቴን አየችው። ጎንበስ ብላ «የሺ፣ ቁጠሪ» አለችኝ።

ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። አንድ፣ ሁለት… አሥራ አንድ ላይ አየር አለቀብኝ። አቾል ቀጥታ ሄዳ መርፌ ከምታዘጋጀው ከትልቋ ነርስ፣ ከሲስተር ርብቃ ፊት ቆመች። በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯ በክር የታሰረ ሴት ነበረች።

«እናቴ» አለቻት፣ «ደህና ስትሆን ሠላሳ የምትቆጥር ሴት ናት። አሁን አሥራ አንድ ናት። መጥተሽ አብረሽኝ ስሚ።»

ሲስተር ርብቃ መጣች። ጆሮዋን አፌ ላይ አደረገች። ስምንት። ትንሽ ጠብቃ «እንደገና» አለች። አምስት።

ማንንም አልጠየቀችም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ዘጋችው። ከዚያ ወረቀቱን ከካርዱ አወጣች፤ መነጽሯን አስተካክላ እስከ ግርጌው በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ጤና መኮንኑ ሲመጣ ወረቀቱን አልሰጠችውም፤ ጮክ ብላ አነበበችለት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደኝ መኪና ውስጥ፣ በፊቴ ላይ ጭምብል አድርጎ በእጁ ፊኛ እየጨመቀ አየር የሰጠኝ ያው ጤና መኮንን ነው። መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ ሁላችንም እንዘላለን። እሱ ግን አንዴም አላቋረጠም። «ማሌሽ፣ ማሌሽ» ይለኝ ነበር፤ ይቅርታ ማለት ነው። ደረጀ እግሬ ስር ተቀምጦ ጫማዬን ይዞ ነበር።

እዚያ የመተንፈሻ መሣሪያ ነበረ። ሐኪሟ ሕመሜን የምታውቅ ደቡብ ሱዳናዊት ነበረች። ጤና መኮንኑ የለም ያለውን አርቴሱኔት ሰጠችኝ፤ ወባ እንዲህ ሲጠና በማንኛውም የእርግዝና ወር ይሰጣል አለች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በአራተኛው ቀን ደም አየሁ።

ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ቱቦው ጉሮሮዬ ውስጥ ስለነበር ያለ ድምፅ ነው ያለቀስኩት። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርድ ነበር፤ አቾል በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «መድኃኒቱ ነው?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ወባ ብቻውን በዚህ ወር ፅንስ ያስወርዳል» አለች። «አየር ማጠሩም ሊያስወርድ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ብነግርሽ እዋሽሻለሁ። አናውቅም።»

አቾል አንድ ቀን ፀጉሬን እያበጠረች «ስሜ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም አይደል?» አለችኝ። «ከእኔ በፊት ወንድሜ ሞቷል። በእኛ ዘንድ ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደች አቾል ትባላለች። እናቴ ስትጠራኝ ሁለታችንንም ነው የምትጠራው።» ልታጽናናኝ ነበር፤ አብረን አለቀስን።

ቤት ከገባን በኋላ ደረጀ አንድ ምሽት ጫማውን እያወለቀ «እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱን ካልጻፍኩ ለማንም አይጠቅምም። ያን ጊዜ ድምፄ ተመልሶ ነበር። «ፈርተህ ነው፤ የጠየቁህም በእኔና በልጁ ሕይወት ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ለወራት ቤታችን ውስጥ የተነጋገርነው ስለ ጨው፣ ስለ ጄኔሬተር፣ ስለ ዝናብ ነው። በየአራት ሰዓቱ ክኒኔንና ውሃ ያመጣልኝ ነበር። አመሰግናለሁ እለው ነበር፣ ለማላውቀው ሰው እንደሚባለው።

በበጋው ከአቾል ጋር ወደዚያ ድንገተኛ ክፍል ሄድን። ለሲስተር ርብቃ ካቶር ሰፈር ያሰፋሁላትን ቀሚስ ይዤ ነበር። ጤና መኮንኑም ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ። «ከአንቺ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት እርጉዝ በወባ እጄ ላይ ሞታለች» አለኝ። «ባሏ አገር ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ልጠይቅ ብሎ ጊዜ ሄደብን። አንቺን ሳይ እሷን ነበር የማየው።» እጁን ጨበጥኩት።

ሲስተር ርብቃ ግን ሥራ ሰጠችን። «ያ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ግን ለተረኛ ሰው አይሆንም» አለች። «እኛ የምናነበው የመጀመሪያውን መስመር ነው። መጀመሪያ ላይ የምትሞችበትን ጻፊ።» እዚያው ቁጭ ብለን በትልልቅ ፊደል፣ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ጻፍን፤ «እነዚህን መድኃኒቶች ከሰጣችሁኝ መተንፈስ አቆማለሁ።» ከሥሩ ስማቸው፣ ከዚያ የሐኪሜ ስልክ። ሌላ ምንም የለበትም።

እንደኔ የተከለከለ መድኃኒት ያለባችሁ ሰዎች፣ ጉበትም ይሁን ኩላሊት፣ አለርጂም ይሁን፣ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱን ካርድ ለሚያወጣው ብቻ ሰጥታችሁ አትቀመጡ፤ መርፌውን ለያዘው ሰው አሳዩት፣ እስኪያነበው ቁሙ። የተሰቀለው ምን እንደሆነ ስሙን ጠይቁ። አስታማሚያችሁ እናንተ መናገር ሲያቅታችሁ ምን እንደሚል ደህና በሆናችሁበት ቀን አስጠኑት። እኔ አቾልን አስጠንቼ ነበር፤ ባሌን ግን አላስጠናሁትም። የሚፈርመው እሱ መሆኑን አላሰብኩም።

በ2018 ሳል ያዘኝ፤ ወደ ደረቴ ወረደ። ደረጀ ነው የወሰደኝ፤ ሌላ ድንገተኛ ክፍል ነበር። ከእሁድ ቅዳሴ መልስ ስለሆነ ሸሚዙ ነጭ ነበር። ሐኪሙ መርፌ አዞልኝ ስንወጣ፣ ገና አግዳሚው ላይ ሳልቀመጥ ወረቀቱን ይዞ ቀጥታ የመርፌ ጠረጴዛው ጋ ሄደ። አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች።

«ባለቤቴ ናት» አላት በእንግሊዝኛ። «እባክሽ፣ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ገርሟት አየችው፤ ከዚያ አነበበች፤ ወደ ስሞቹም ወረደች። ስትጨርስ ካርዱ ላይ ጄንታማይሲን ተብሎ የተጻፈውን መርፌ ሰረዘችና ሐኪሙን ልትጠራ ሄደች። ደረጀ ዝርዝሩን ወረቀቱን ሳያይ በቃሉ ይል ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። መቼ እንዳጠናው አላውቅም። ሌላ መድኃኒት ተፈልጎ ተገኘ፤ ተሰጠኝ፤ ደህና ሆንኩ። ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት።

ነርሷ ቅጽ ልትሞላ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ዕድሜ ጠየቀች፣ ደረጀ መለሰ። አድራሻ፣ መለሰ።

«ልጆች?»

«የሉም» አለ።

«እርግዝናስ ነበር?»

ያን ሁሉ ወር በቤታችን ያልተነሳ ነገር ነበር። «አንድ» አለ። «ሦስት ወር ሊሞላው ነበር።»

እንዲህ ብሎ ሲቆጥረው ስሰማ ዞሬ አየሁት። ቀኑን ሳይቀር ይዞት ኖሯል።

ነርሷ ቀና ሳትል «ምክንያቱ ምን ነበር?» አለች።

ደረጀ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከአፉ ከወጣ ደግሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀራል።

«ወባ» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ።

ነርሷ ጻፈች። ደረጀ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁና ነርሷ የሚቀጥለውን ጥያቄ እስክትጠይቀን ድረስ አላነሳሁትም።